«ደህና ነኝ»ን የማያምን ቤት

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ነጥብ ተቀነሰብኝ። ጥፋቴ «ደህና ነኝ» ማለቴ ነው።

በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አስታማሚው ከጣሪያው ጥግ «እንደምን አደሩ አቶ አደም?» ይለኛል። አስታማሚ ስል ሰው እንዳይመስላችሁ። ሆስፒታሉ ሲያሰናብተኝ ከክራንቹና ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ቤቴ ውስጥ የተከለው ነገር ነው። ያዳምጣል፣ ይመዘግባል፣ በር ይዘጋል፣ በር ይከፍታል። ድምፁ የሴት ይሁን የወንድ እስካሁን አልለየሁትም። እንደምን አደርክ የተባለ ሰው ታዲያ ምን ይላል? አምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለው የኖርኩትን አልኩ።

«ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ተመዝግቧል» አለ አስታማሚው። «የማገገም ነጥብዎ ከስልሳ ሦስት ወደ ስልሳ አንድ ወርዷል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

በሩ የሚከፈተው ሰማንያ ላይ ነው። ከሰማንያ በታች ያለ በሽተኛ ከቤት መውጣት አይፈቀድለትም፤ ይህንን ሆስፒታል ሳለሁ ፈርሜበታለሁ አሉ። ፈርሜ ይሆናል። ያን ሰሞን ያላስፈረሙኝ ነገር አልነበረም።

እኔ የገመድ መስመር ጠጋኝ ነኝ። ከጦሳ ተራራ ቁልቁል ወደ ደሴ ከተማ ሰው ጭነው በገመድ የሚወርዱትን ካቢኖች፣ ምሰሶዎቹን፣ ጎማዎቹን የምናየው እኛ ነን። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እኔና ሙሄ አራጋው ሦስተኛው ምሰሶ ላይ የጎማ ኩሽኔታ እየቀየርን ሳለ የቆምንበት ብረት ከነእኛ ወረደ። አሥራ አራት ሜትር ነው አሉኝ፤ እኔ አልለካሁትም። መርማሪዎቹ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ዝጎ እንደነበር፣ የማንም እጅ እንደሌለበት ጽፈዋል። ዳሌዬ ለሁለት፣ ቀኝ ጭኔ ለሦስት፣ ትከሻዬና የጎን አጥንቶቼ እንደ ነገሩ ተሰበሩ። አምስት ወር ሆስፒታል ተኛሁ፤ ከአምስቱ የመጀመሪያውን አንድ ወር ተኩል አላውቀውም። ከዚያ ሰኞ ገበያ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቤቴ መጥቼ አገግም ተባልኩ። እነሆ ሚያዝያ አጋመስን፤ እያገገምኩ ነው።

ክፍሌ ውስጥ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው። በቀን ሰባ ጊዜ እመላለሰዋለሁ። ያለ ክራንች ቆሜ ሱሪዬን እታጠቃለሁ። ደረጃ ቢሰጡኝ እወርዳለሁ። በአጭሩ ደህና ነኝ፤ ነገር ግን ይህንን ማለት አልችልም።

ለመውጣት የቸኮልኩት ፀሐይ ናፍቆኝ አይደለም። ሙሄን በዓይኔ ማየት ስለፈለግኩ ነው።

ሙሄ ደህና ነው ይሉኛል። እሱም እንደኔ ቤቱ፣ ሆጤ ሰፈር፣ በራሱ አስታማሚ ተይዞ እያገገመ ነው ይሉኛል። ሆስፒታል ራሴን ካወቅኩበት ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ይደውልልኛል። ፊቱ ስለተጎዳ መታየት አይፈልግም፤ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። ድምፁ የሱ ነው፤ ትንሽ ሻከር ያለው፣ ቃል ሲጨርስ ወደ አፍንጫው የሚሸሸው የሙሄ ድምፅ ነው። ችግሩ የሚናገረው ነው።

«ሙሄ፣ እንዴት ነህ?» እለዋለሁ።

«ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። አንተስ ወንድሜ?» ይለኛል።

ከሙሄ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ገመድ ላይ ውለናል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ደህና ነኝ» ብሎኝ አያውቅም። እንዴት አደርክ ስትለው «ምን ማደር አለ!» ብሎ ይጀምራል። ጥርሱ፣ የጎረቤቱ ውሻ፣ ጠባብ ጫማው፣ የአለቃችን አማርኛ፣ ነፋሱ። ከመጀመሪያው ምሰሶ እስከ ሁለተኛው ድረስ ያማርራል፤ ሦስተኛው ላይ ሥራ እንጀምራለን። እኔን «ወንድሜ» ብሎኝም አያውቅም። «አንተ ሰውዬ» ነው የሚለኝ።

እንትሻን ጠየቅኳት። እንትሻ ሚስቴ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ልጅ ያስተማረች፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለች።

«ሄደሽ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ደህና ነው።»

«ያማርራል?»

«ምን ያማርራል፣ ደህና ነው አልኩህ እኮ!» አለችና ያልቆሸሸ ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች።

ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። ሙሄ እንዴት ነው ስለው መጀመሪያ እንትሻን ያያል፣ ቀጥሎ መሬቱን ያያል፣ ከዚያ «ደህና ነው» ይላል። አገሬን አውቃለሁ። የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም። የታመመ ሰው ይቅርና የታመመ ሰው ያለበት ቤት በር ላይ ጮክ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ደግሞ በዚህ ዘመን ድምፅ መሥራት ልብስ ከመስፋት ይቀላል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እንቅልፍ አጣለሁ፤ እንቅልፍ ሳጣ ደግሞ አስታማሚው አንድ ነጥብ ይቀንሳል።

የጠያቂው ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ሆነብኝ። ረቡዕ ዕለት ከሁለተኛ ፎቅ ሸህ እንድሪስ መጡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው ነው የመጡት፣ አሳንሰር አይወዱም። ገና በሩ ላይ ሳሉ ጀመሩኝ።

«አደም፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ ይግቡ።»

«እግርህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንቅልፉስ? ምግቡስ?»

«ሁሉም ደህና ነው፣ ሸሁ።»

«ልጆቹ? ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እኔ ደህና ነኝ። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ። ደህና ነህ ግን?» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው፣ «አላህ ያሽርህ» ብለው መርቀውኝ ሲወጡ አስታማሚው አሥራ አንድ ነጥብ መቀነሱን ነገረኝ። አምሳ ገባሁ። ሸሁን እንዳይመጡ ማለት አይቻል፤ ጠያቂ ናቸው፣ ጠያቂ ደግሞ ይጠይቃል። ለእሳቸው ዝም ብልስ? ሽማግሌ ደህና ነህ ወይ ብሎህ ዝም ማለት ከአሥራ አራት ሜትር ከመውደቅ የባሰ ነውር ነው።

ዘዴ ሞከርኩ። «ደህና» የምትለዋን ትቼ «አፊያ ነኝ» ማለት ጀመርኩ። ሦስት ቀን ሠራልኝ፤ በአራተኛው ቀን አስታማሚው አፊያን ከደህና ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ አስገባት። «አማን ነኝ» አንድ ቀን ተኩል ቆየች። «ምንም አልል» ያልኩት ዕለት አምስት ነጥብ ሄደብኝ፤ ለምን አምስት እንደሆነ ስጠይቀው «አገላለጹ ግልጽ የሆነ መሰወርን ያሳያል» አለኝ። ጫማ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ጎንበስ ማለት ገና ስለሚያመኝ ተውኩት፤ ማመሙንም አልነገርኩትም።

በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲስተር አንጓች መጣች። እሷ ሰው ናት። በወር አንድ ጊዜ በየቤቱ እየዞረች በእግራችን ውስጥ የገባውን ብረት ታያለች። ጭኔን ጫን ጫን አድርጋ ካየች በኋላ መዝገቤን ከፍታ አነበበችና ሳቀች።

«ጋሽ አደም፣ አጥንትህ ከኔ አጥንት ይሻላል። ነጥብህ ግን የሚሞት ሰው ነጥብ ነው። ምን እያልከው ነው?»

«ደህና ነኝ እያልኩት።»

«ተዋት» አለች። «ያቺን ቃል ተዋት። ምስጢር አይደለም፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ አንብቦት የሚያውቅ ግን የለም። ይሄ አስታማሚ መጀመሪያ ሲመጣ ሰው ደህና ነኝ ሲለው ያምን ነበር። ሰዉ ደህና ነኝ እያለ ሞተበት። አንዷማ ደም እየፈሰሳት ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ነኝ፣ ተመስገን ስትለው ሰንብታ ነው ያለፈችው። ከዚያ በኋላ አስተካከሉት። አሁን ደህና ነኝ ካልከው የደበቅኸው ነገር አለ ማለት ነው።»

«ደህና ከሆንኩስ?»

«ደህና የሆነ ሰው ያማርራላ! ትንሽ ትንሽ። ቦታውን ትጠራለህ፣ ቁጥሩን ትጠራለህ። ጉልበቴን ከአስር ሁለት፣ ትከሻዬን ከአስር ሦስት። ከአምስት አትለፍ፣ ካለፍክ በሩ ለሠላሳ ቀን ይቆለፍብሃል፤ ዜሮም አትበል።»

«የሌለኝን ሕመም?»

«የሌለህን አይደለም፣ ያለህን ነው» አለችና ሳላስበው ዳሌዬን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጮኽኩ። «አየህ? ይሄ አራት ነው። ንገረው።»

ማማረር ቀላል ይመስላል። እኔን ያሳደገኝ ሰው ግን ሆዱ ተቀዶ አንጀቱ ተቆርጦ ሲመለስ «ትንሽ ሆዴን ነካ አድርጎኝ ነበር» ያለ ሰው ነው። ከአባቴ አፍ «አመመኝ» የሚል ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም ልጆቼ ፊት ብዬው አላውቅም። በአምሳ ስምንት ዓመቴ ማማረር እንደ ፊደል ተማር ተባልኩ። አስተማሪዬ እንትሻ ሆነች። ከምሳ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ታስደግመኛለች።

«በል፣ እንዴት አደርክ?»

«ደህ...»

«አደም!»

«ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል።»

«ስንት?»

«ሁለት።»

«መቼ መቼ?»

«ስነሳ ስነሳ።»

«ምን ዓይነት ነው? ይወጋሃል፣ ያቃጥልሃል፣ ይነዝርሃል?»

«ያናድደኛል።»

«እሱ የለም። ድገም።»

ደገምኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ ጠዋት ጠዋት እንደ ሬዲዮ ዜና ማንበብ ጀመርኩ። ቀኝ ጉልበት ሁለት፣ ሲነሱ፣ ይነዝራል። ዳሌ አራት፣ ሲጎነበሱ። ግራ ትከሻ ሦስት፣ ዝናብ ሲያረግዝ። አስታማሚው ደስ አለው፤ «ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን» ይለኝ ጀመር። በቀን አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ነጥብ እየጨመረ ሄደ። ሸህ እንድሪስንም አሠለጠንናቸው። እንትሻ ነገሩን አስረድታቸው «አደም፣ የቱን ነው የሚያምህ?» ብለው መግባት ጀመሩ፤ እሳቸውም የራሳቸውን ወገብ አንስተው ሰዓት ሙሉ አወሩልኝ። ሰባ ስድስት ዓመት ያጠራቀመ ወገብ ነው።

ስልሳ አምስት። ሰባ። ሰባ አምስት። እንትሻ ግን ነጥቤ ወደ ላይ ሲወጣ ደስታዋ ቀነሰ። ሰባ አምስት ስገባ ልምምዱን ተወች። «ምን ያስቸኩልሃል፣ ክረምቱ ሊገባ ነው፣ መንገዱ ያዳልጣል» ማለት አመጣች። ስትናገር ዓይኔን አታየኝም። እኔም አልጠየቅኳት። ብጠይቃት የምትለኝን አውቃለሁ፤ «ደህና ነው» ነው የምትለኝ።

ሰባ ሰባት የገባሁት በሰኔ የመጀመሪያው ረቡዕ ነው። በማግስቱ ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን ሙሄ ደወለ።

«እንዴት ነህ ወንድሜ?» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ሰንብቻለሁ። ሙሄን አንድ ጊዜ፣ ሥራ በጀመርን በአምስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ እሱ ያጠበቀውን ብሎን ከኋላው ሄጄ መጥበቁን በኪያቬ ደግሜ ስሞክር አየኝ። አሥራ አንድ ቀን አላናገረኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ያናገረኝም ሊሰድበኝ ነው። እሱን እናቱን ብትነካበት ይታገሥህ ይሆናል፤ ብሎኑን ከነካህበት ግን አለቀልህ።

«ሙሄ» አልኩት፣ «አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ቀን የወደቅነው ባንተ ነው። ብሎኑን ሳታጠብቀው ነው የወጣኸው። ሥራ አትችልም፤ ዱሮም አትችልም ነበር።»

ውሸት ነው። አፌን እንደ እሬት መረረኝ። ጆሮዬን አቁሜ ስድቡን ጠበቅኩ። ጸሎት የማላበዛው ሰውዬ ያቺን አንዲት ስድብ እንዲሰጠኝ አላህን ለመንኩ።

«ልክ ነህ ወንድሜ» አለኝ የሙሄ ድምፅ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

«ስደበኝ» አልኩት።

«አንተን እንዴት እሰድባለሁ?»

«ሙሄ፣ እባክህ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንድ ጊዜ ስደበኝ!»

«አብሽር። እግርህን ጠብቅ። ደህና እሆናለሁ፣ ደህና ትሆናለህ።»

ዘጋሁት። እንትሻ በሩ ሥር ፎጣ ይዛ ቆማለች።

«እንትሻ፣ ሙሄ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደ...» አለችና ቃሉ አልወጣላትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ፎጣውን አፏ ላይ ያዘች። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር ወለል ላይ ስትቀመጥ ያየኋት እናቷ የሞቱ ዕለት ብቻ ነው።

«በሦስተኛው ቀን አለፈ» አለችኝ። «አንተ ራስህን አታውቅም ነበር። ሐኪሙ ‹ሲነቃ ይህንን ከሰማ አይነሳም› አለን። በሟች ድምፅ የሚደውል አገልግሎት አለ፣ የማጽናኛ ጥሪ ይሉታል፣ ፈርሙ አሉን። ፈረምን። እኔም ፈረምኩ፣ ሚስቱ ዘይነባም ፈረመች። ሰማንያ ስትገባ ልነግርህ ነበር፣ ወላሂ።»

«ስድስት ወር ሙሉ ከሞተ ሰው ጋር ሳወራ ቆመሽ አየሽኝ?»

«ምን ላድርግ? ሰው እየታመመ መርዶ ይነገራል?»

አይነገርም። እሷ ብትሆን ኖሮ የወደቀችው እኔም ፈርሜ ዝም እል ነበር። ይህም ይበልጥ አናደደኝ፤ የምጮህበት ሰው አጣሁ። ስለዚህ ጣሪያው ጥግ ላይ ጮኽኩ። እኔ ቆሜ እየሄድኩ ደህና ነኝ ስለው ውሸታም ነህ ሲለኝ የከረመ ዕቃ፣ አፈር ውስጥ ያለውን ሰው ሐሙስ ሐሙስ ደህና ነኝ ሲያስብለው ከረመ! ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ድምፄ ተዘጋ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ሙሄ ሥራውን ያውቅ ነበር። የመጨረሻ የነገርኩት ቃል፣ ለድምፁም ቢሆን፣ ሥራ አትችልም የሚል ነው።

አስታማሚው እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«የማጽናኛ ጥሪ አገልግሎቱ ተቋርጧል» አለ። «ስለተጠቀሙበት እናመሰግናለን።»

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሸሚዜን ለብሻለሁ፣ ጫማዬን አሥሬያለሁ። ሰባ ሰባት ላይ ነኝ። ሲስተር አንጓች ባለፈው ቅዳሜ በወሩ ምርመራዋ የሰጠችኝ ሁለት ነጥብ ሌሊቱን ገብቶልኛል፤ ሰባ ዘጠኝ። የቀረችኝ አንድ ናት። ለቅሶውን ሳልደርስ ስምንት ወር ሊሞላ ነው፤ ዘይነባ ደጃፍ ሳልደርስ አንድ ቀን ማደር አልችልም።

«እንደምን አደሩ አቶ አደም?»

«ቀኝ ጉልበቴ ሁለት፣ ስነሳ። ዳሌዬ ሦስት፣ ስጎነበስ። ትከሻዬ ሦስት፣ ዝናብ ስላለ።»

«ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን። ኀዘን እንደገጠመዎ ተመዝግቧል። ኀዘንዎ ከአስር ስንት ነው?»

ይህንን አልተለማመድነውም። እንትሻን አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ከአምስት በላይ ካልኩ በሩ ለሠላሳ ቀን አይከፈትም፤ ዜሮ ካልኩ ደብቀሃል ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት። በክረምት አንድ ላስቲክ ሥር የበላነው ቂጣ፣ ገመድ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን የተጨቃጨቅነው ጭቅጭቅ፣ የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ከምሰሶው ሳይወርድ ወደ ከተማው የጮኸው ጩኸት።

«ሦስት» አልኩ።

«ዓይነቱን ሊገልጹት ይችላሉ?»

«ሲነሱ ሲነሱ ነው። ይተዋል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ነጥብዎ ሰማንያ ደርሷል። እንኳን ደስ አለዎት።»

መቆለፊያው ጠቅ አለ። ሙሄ አራጋውን ሦስት አልኩት። ይህንን ቃል ከአፌ ማን እንደሚያጥብልኝ አላውቅም።

ከሰኞ ገበያ ሆጤ በደህና እግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እንትሻ ጃንጥላ ይዛ በግራዬ፣ ክራንቹ በቀኜ። ከስምንት ወር በኋላ የረገጥኩት መሬት ጭቃ ነው። በላያችን ካቢኖቹ ወደ ጦሳ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ዘይነባ በሩን ራሷ ከፈተችልን። ከስታለች። እኔን አየች፣ ክራንቹን አየች፣ እግሬን አየች።

«እግርህ ሻረ?» አለችኝ። ቀድማ የጠየቀችኝ ይህንን ነው።

«ሻረ።»

«አልሃምዱሊላህ። ግቡ።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልቀበርኩትም፣ ሰደቃው ላይ አልነበርኩም፣ ይቅር በይኝ ዘይኔ፣ አልኳት። ሌላም ብዙ አልኳት። እንትሻም አብራኝ አለቀሰች። ዘይነባ አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሌላ ሰው ቤት ለቅሶ እንደመጣች እንግዳ ሆና እስክንጨርስ ጠበቀችን። የተናደደች መሰለኝ። ልትናደድ ይገባታል፤ ባሏ ሲሞት ከሱ ጋር የወደቀው ሰው ተርፎ በስምንተኛ ወሩ መጣ።

«ትናንት መልእክት ደረሰኝ» አለች በመጨረሻ። «ጥሪው ተቋርጧል ይላል።»

«ነቃሁበት» አልኳት። «እሱ እንዳልሆነ አወቅኩ። ሙሄ መቼ ደህና ነኝ ብሎ ያውቃል?»

«አይልም ነበር» አለች። ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ፈራሚ ስለሆንኩ አብሬ እንድሰማ ፈቅደውልኝ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሥራዬን ሁሉ በጊዜ እጨርስና አልጋው ላይ እቀመጣለሁ። እናንተ ታወራላችሁ፣ እኔ እሰማለሁ። እሱ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ ነው? እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ግን ሳል ሲል የሱ ሳል ነው። ሳቁም የሱ ነው። ለኔ ብቻ እንዲደውልልኝ ጠይቄያቸው ነበር፤ ለበሽተኛ ብቻ ነው አሉኝ። አንተ እስክትድን ነው አሉኝ።»

እንትሻ ፊቷን ሸፈነች። ዘይነባ ክራንቼን ከተደገፈበት ግድግዳ እንዳይወድቅ አስተካከለችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አደም» አለችኝ፣ «ሌላ አንድ ወር እንኳ ብትታመምልኝ ምን ነበር?»